ባለ አንድ እጅጌው ሰልፍ

ሱቁ በታሸገ በአሥራ አንደኛው ወር፣ መንገድ ላይ ቆሞ በመስታወቱ ወደ ውስጥ የሚያይ ሰው የሚያገኘው ይህንን ነበር። ሁለት የስፌት መኪናዎች፤ በግራው መርፌ ሥር አንድ ግራጫ ጨርቅ እንደተነከሰ ቀርቷል። በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ካውያ፣ መቀስና ግማሹ ያለቀ ጠመኔ። ግድግዳው ላይ በተርታ የተሰቀሉ ልብሶች፤ አንዳቸውም ተሰፍቶ አላለቀም። አንድ እጅጌ ብቻ ያለው ጥቁር ኮት፣ አንድ እግሩ ተገጥሞ አንዱ የቀረ ሱሪ፣ ገበሩ ወደ ውጭ የተገለበጠ ካፖርት። አቧራው በሁሉም ትከሻ ላይ እኩል ተኝቷል። በስተቀኝ ጥግ ደንበኞች ልብስ የሚለኩባት፣ ለአንድ ሰው ብቻ የምትበቃ ቦታ አለች፤ ሰማያዊ መጋረጃዋ ተዘግቷል።

ከመንገድ የማይታየው ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ነው። እዚያ የመሪው ፎቶ ተሰቅሏል፤ ፊቱ ወደ ግድግዳው ዞሯል።

ፎቶው በየሥራ ቦታው እንዲሰቀል ግዴታ ነው። የሱቁ ባለቤት፣ ልብስ ሰፊው፣ ግድግዳው ሁሉ በሰው ልብስ ስለተያዘበት ባዶ ሆኖ ያገኘው ያችን ጥግ ብቻ ነበር፤ እዚያው ሰቀለው። ብዙም ሳይቆይ ሴት ደንበኞቹ አጉረመረሙ። «ቀሚሴን ሳወልቅ ያየኛል» አለች አንዷ። «እትዬ፣ ፎቶ እኮ ነው» ቢላት፣ «ፎቶም ቢሆን ዓይን አለው» አለችው። ስለዚህ ሴት ልትለካ በገባች ቁጥር ፎቶውን ያዞረዋል፤ ስትወጣ ይመልሰዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መመለሱን ረሳው። ቀጥሎ የገባው ደንበኛ እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ የሚያልፍ ሰው አልነበረምና ሰፊው በማግስቱ ታሰረ። ክሱ «መሪው ለሕዝባቸው ጀርባቸውን እንደሰጡ አስመስሎ ማሳየት» የሚል ነበር።

አብራው የምትሰፋው ሚስቱ ሱቁ ሲታሸግ እዚያው ነበረች። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ፎቶውን መመለስ ነው። እጇን ስትዘረጋ የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጮኸባት።

«እንዳትነኪው! ማስረጃ ነው!»

ከዚያም በገዛ እጁ በፎቶው ጀርባ ላይ ወረቀት ለጠፈ፦ «ማስረጃ ነው። መንካትም ሆነ ማዞር በጥብቅ የተከለከለ ነው»። ፈረመበት፣ ማኅተም መታበት፣ መጋረጃውን ዘጋ፣ በሩን በሰም አሸገ። እንዲህ ሆኖ፣ ሰፊው ለአንድ ከሰዓት በኋላ ያዞረውን ፎቶ ኮሚቴው አሥራ አንድ ወር ሙሉ አዙሮ ይዞታል። ይህ ነገር ለሊቀመንበሩ አልታየውም። ለሰፊዋ ግን ታይቷታል፤ እቤቷ ተቀምጣ በሰው ልብስ ላይ በእጇ ቁልፍ ስትተክል የምታስበው ይህንኑ ነበር።

ሊቀመንበሩን ሰፈሩ የሚያውቀው «እናጣራለን» በሚል ስም ነው። ባሌን ፍቱልኝ ስትለው «እናጣራለን»፤ የራሴን የስፌት መኪና እንኳ አውጡልኝ ስትለው «እናጣራለን»። በሰፈሩ ውስጥ ተጣርቶ የሚያውቅ ነገር ግን የለም፤ የቧንቧው ውሃም ጭምር።

ሰኞ ሰኞ ሰፊዋ የባሏን ፎቶ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ከሌሎች ሴቶች ጋር ትቆማለች። አጠገቧ የምትቆመው የአናጢው እህት ናት። አናጢው የታሰረው የሠራው የክብር ወንበር በስብሰባ መሃል ስለተሰበረ ነው፤ የተቀመጡበት ባለሥልጣን ክብደት በክሱ ላይ አልተጠቀሰም። ዘቦቹ ሴቶቹን ይበትኗቸዋል፤ እነሱም በሚቀጥለው ሰኞ ይመለሳሉ። በዚህ ሁኔታ ማንም ምንም ሳይለውጥ ወራቱ አለፉ።

ነገሩ መነቃነቅ የጀመረው የሰብአዊ መብት ታዛቢዎች ከውጭ ሊመጡ ነው ሲባል ነው።

ሊቀመንበሩ ነዋሪውን በአዳራሽ ሰበሰበ።

«ከላይ መመሪያ ወርዷል» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። «ታዛቢዎቹ ሦስት ነገር ለማየት ጠይቀዋል፤ እስር ቤት፣ ነፃ ጋዜጣና ሰላማዊ ሰልፍ። እስር ቤቱ ቀለም እየተቀባ ነው። ጋዜጣው ላይ መንግሥትን የሚተች ጽሑፍ በመንግሥት እየተጻፈ ነው። ሰልፉ ለእኛ ሰፈር ደርሷል።»

ጭብጨባው ደመቀ።

«ኧረ አታጨብጭቡ! ልትቃወሙ እኮ ነው!»

ይበልጥ ደመቀ።

ሊቀመንበሩ ፀጥታ እስኪሆን ጠበቀ። «ሰልፉ ድንገተኛ ነው። ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይጀመራል። እሺ፣ ማን ይቃወማል?»

በመጨረሻ ጋሼ ሬዲዮ ተነሡ። ዜና በተሰማ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቃል በቃል የሚደግሙ ጡረተኛ ስለሆኑ ነው ይህን ስም ያገኙት።

«እኔ በበኩሌ ሰልፉን ከልብ እደግፋለሁ» አሉ። «ለመቃወም ግን ቅሬታ የለኝም።»

«ቅሬታ ይዘጋጅልዎታል።»

«ቢዘጋጅልኝም እደግፈዋለሁ።»

አትክልት ሻጯ እጇን ከትከሻዋ ሳታሳልፍ አወጣች። «ሐሙስ ተቃወምን እንበል። ዓርብስ?»

«ዓርብ ምን ይሆናል? ዓርብ እንደ ዓርቡ ነው።»

«እሱንማ እናውቀዋለን» አለች። «የፈራነውም እንደ ዓርቡ እንዳይሆን ነው።»

«ቅሬታ የለኝም የሚል ሰው ይቁም!» ብሎ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ። ማንም አልቆመም። «ቅሬታ አለኝ የሚልስ?» አሁንም ማንም አልቆመም። አንዱ ከኋላ፣ «ቅሬታ በማጣቴ ቅር ብሎኛል፤ እሱ አይበቃም?» አለና ጎረቤቱ በክርኑ ጎሸመው።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ሰፊዋ ቤት መጣ። እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፤ የባሏ እናት አልጋው ጫፍ ላይ ሆነው ክር ያጠነጥናሉ።

«አንቺን ፈልጌ ነው የመጣሁት» አለ።

«ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«ጥፋት አይደለም። ሰኞ ሰኞ እዚያ በር ላይ ትቆሚ የለ? በዚህ ሰፈር ተቃውሞ ላይ ልምድ ያለሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ሰዉን አሠልጥኚልን።»

«ለዚሁ ልምዴ ባለፈው ወር ማስጠንቀቂያ ጽፈውብኛል።»

«ያኛው በራስሽ ነው። ይሄኛው በእኛ ነው።»

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» አሉ አሮጊቷ ክሩን ሳይለቁ። «ልጄን ወሰዳችሁ፤ አሁን ደግሞ ምራቴን በእግሯ እንድትመጣላችሁ ነው?»

«እማማ፣ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው።»

«ያኛውም የመንግሥት ሥራ ነበር።»

ሰፊዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «ባለቤቴን ትፈቱልኛላችሁ?»

«እናጣራለን።»

«እንግዲያውስ ቅሬታውን እኔ ልምረጥ።»

«አይሆንም። የተፈቀደው የመንገድ መብራት ይጠገን የሚለው ነው።»

«በመብራት የሚጮህ ሰው አያገኙም። ይሞክሩትና ይዩ።»

በማግስቱ ከኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ባለው ሜዳ ሞከሩት። ሥራውን እንዲከታተል ከላይ አንድ ባለ መነጽር ተልኳል፤ ዋና ጭንቀቱ ነገሩ የተጠና እንዳይመስል ስለነበረ «ተፈጥሯዊ ይሁን! ተፈጥሯዊ!» ሲል ይውላል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሰዉ «ተፈጥሯዊ» የሚል ስም አወጣለት።

«መብራት ይጠገን!» አለች ሰፊዋ ከፊት ሆና።

«ለዘላለም ይኑር!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ። ከዚያም አጨበጨበ።

ዕድሜ ልካቸውን የጮኹት እንዲያ ነው። አፋቸው ሌላ አያውቅም። ሁለተኛ ሞከሩ፤ መብራቱ እንደገና ለዘላለም ኖረ። ሦስተኛው ላይ አትክልት ሻጯ «ይጠገን» ብላ ጀመረችና ብቻዋን መሆኗን ስታውቅ «… በመሪያችን አመራር» ብላ ጨረሰችው።

ተፈጥሯዊ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ስሜት የላችሁም! ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ሲባል አልሰማችሁም?»

«ምሰሶው እኮ የቆመው በኔ መስኮት ትይዩ ነው፣ ጌታዬ» አሉ ጋሼ ሬዲዮ። «ቢጠገን እንቅልፍ የማጣው እኔ ነኝ። ምን ብዬ ላልቅስ?»

ሰፊዋ ወደ እሳቸው ዞረች። «ጋሼ፣ ልጅዎን ሲድሩ ምን ለብሰው ነበር?»

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። «ተይኝ እስቲ።»

«ይንገሩኝ።»

«የጎረቤት ኮት ነዋ! እጅጌው ክርኔ ላይ የቀረ! አማቾቼ ፊት እጄን ከጠረጴዛ ሥር ደብቄ የዋልኩ! የኔው ጥቁር ኮት፣ በጥሩ ጨርቅ ያሰፋሁት፣ እዚያ መስታወት ውስጥ ባንድ እጅጌው ተሰቅሎ በየቀኑ እያየኝ…» ድምፃቸው ተሰበረ። «ኮቴን! ኮቴን አምጡልኝ!»

«የኔስ ካፖርት!» አለች አትክልት ሻጯ። «ክረምቱን በሻል ያሳለፍኩት!»

«ሱሪዬ!» አለ ሌላው።

በአፍታ ውስጥ ሜዳው በጩኸት ተሞላ። ማንም ለዘላለም አላኖረም። ከግማሽ የሚበልጠው ሰፈር የታሸገው ሱቅ ውስጥ ልብስ አለው፤ በመርፌው ሥር የቀረው ግራጫ ጨርቅ ራሱ ለሊቀመንበሩ ሹመት በዓል የተጀመረ ሙሉ ልብስ ነው። እሱም ከጎን ቆሞ «የኔም እኮ…» ካለ በኋላ አፉን ያዘ።

«ይሄ ነው!» ተፈጥሯዊ ከደስታው ብዛት ዘለለ። «ይሄ ከአንጀት ነው!» ከዚያ ደነገጠና ወደ ሊቀመንበሩ ተጠጋ። «ልብስ ፖለቲካ ነው?»

«እስካሁን አልተባለም።»

«ጥሩ። እነሱ ልብሳችን ይሰጠን ይላሉ፤ እኛ በዚያው ሰዓት እንግዶቹ ፊት እሽጉን ቆርጠን እንሰጣለን። ተቃውሞ በሦስት፣ ምላሽ በሦስት ተኩል።» ሊቀመንበሩን ትኩር ብሎ አየው። «ሱቁ ለምን ነበር የታሸገው?»

«ያው… አንድ ጉዳይ እየተጣራ ነበር።»

ተፈጥሯዊ ከዚያ በላይ አልጠየቀም። የጭብጨባው ነገር ግን ገና አልተፈታም፤ ልማድ ነውና በጩኸቱ መሃል ሳይቀር እጆች ይገናኛሉ። ለዚህም መላ ያመጣችው ሰፊዋ ናት። ባሏ ልብስ ሲቀበል ደረሰኝ አይጽፍም፤ ከደንበኛው ጨርቅ ላይ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቆርጦ ይሰጠዋል፤ ልብሱን ሊወስድ ሲመጣ ቁራጩ ከልብሱ ጋር ይተያያል። ሁሉም ቁራጩን አስቀምጦታል። «ሐሙስ ዕለት ቁራጫችሁን በሁለት እጃችሁ ግራና ቀኝ ወጥራችሁ ከፍ አድርጉ» አለቻቸው። በሁለት እጁ ጨርቅ የወጠረ ሰው ማጨብጨብ አይችልም።

ለመሄድ ስትነሣ ወደ ሊቀመንበሩ ቀረበች። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ አንድ ነገር አጥርታ አውቃለች፤ የጠየቀችው ሁሉ ይከለከላል። ስለዚህ የማትፈልገውን ጠየቀች።

«ሊቀመንበር፣ እንግዶቹ ሳይመጡ ቀደም ብዬ ገብቼ ቤቱን ላስተካክል? የተዘባረቀ ነገር ካለ እንዳያሳፍረን።»

«አይቻልም! እሽግ ነው። እንግዶቹ ፊት እስኪቆረጥ ማንም አይገባም።»

«እኔስ ለእርስዎ ብዬ ነበር» አለች።

ሐሙስ ጠዋት የባሏ እናት ቁርስ አቅርበው ጠበቋት። ያሰበችውን ሁሉ ነግራቸዋለች።

«ነገሩ ቢጠምስ?» አሉ።

«ከጠመመ ወይ ሊቀመንበሩ እስር ቤት ይገባል፣ ወይ እኔ እገባለሁ።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን፣ ልጄ። እኔስ? የማን እጅ ላይ ልወድቅ ነው?»

አሮጊቷ ሳህኑን ወደ እሷ ገፉት። «ብዪ እንግዲህ። ከያዙሽ መቼ እንደምትበዪ አይታወቅም።»

በላች። ከዚያ ቁራጭ ጨርቅ ይዛ ወጣች።

ድንገተኛው ሰልፍ በትክክል በሦስት ሰዓት ጀመረ። ታዛቢዎቹ ሦስት ናቸው፤ አለቃቸው ረጅም ሴትዮ ስትሆን አስተርጓሚ አጠገቧ አይጠፋም። ፖሊሶቹ ወዳጃዊ ፊት እንዲያሳዩ ስለታዘዙ ጥርሳቸውን ከፍተው ቆመዋል። ሰዉ ቁራጭ ቁራጩን ወጥሮ፣ «ልብሳችን ይሰጠን!» እያለ ወደ ሱቁ መጣ። ጥቁር፣ ቡናማ፣ መስመር ያለው፣ አበባ ያለው። ረጅሟ ሴትዮ ቆማ ተመለከተች፤ ከዚያም ስሙን የማታውቀውን ነገር እንደምታደንቅ ሴት አንገቷን አዘነበለች።

«ፈቃድ አላችሁ?» ብላ ጠየቀች።

«ድንገተኛ ነው» አሉ ጋሼ ሬዲዮ። «ፈቃዱ ማክሰኞ ነው የወጣው።»

አስተርጓሚው ይህን ሲተረጉም ትንሽ አሳጠረው።

በሦስት ተኩል ሊቀመንበሩ እሽጉን ቆረጠ። በሩ ሲከፈት የታፈነ አየር ወጣ። ሰዎች ተራ በተራ እየገቡ ቁራጫቸውን ከልብሳቸው ጋር እያስተያዩ ተቀበሉ። ተፈጥሯዊ ደረቱን ነፍቶ ለሴትዮዋ፣ «የሕዝብ ጥያቄ፣ አፋጣኝ ምላሽ!» አለ። ጋሼ ሬዲዮም ባለ አንድ እጅጌውን ኮት አቅፈው በሩ ላይ ደረሱ።

ሰፊዋ መንገዳቸውን ዘግታ ቆመች። «ጋሼ» አለች፣ «ይለኩት እንጂ።»

«እውነትሽን ነው» አሉና ከልማዳቸው ወደ ጥጉ ሄደው ሰማያዊውን መጋረጃ ገለጡት።

ጋሼ ሬዲዮ የመሪውን ፎቶ ባዩ ቁጥር የሚያጨበጭቡ ሰው ናቸው። ሆኖም የፎቶውን ጀርባ ማየት ምን እንደሚያስገድድ በሬዲዮ ተነግሮ አያውቅም። እጃቸውን አንሥተው ሳያገናኙ አየር ላይ አስቀሩት።

ረጅሟ ሴትዮ ጠጋ ብላ አየች። አስተርጓሚው፣ «ይህ ፎቶ ለምን ወደ ግድግዳ ዞረ? ነው የሚሉት» አለ።

ተፈጥሯዊ ወደ ጥጉ ገብቶ ወረቀቱን አነበበ። አንብቦ ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሊቀመንበሩን ጠራው።

«ማነው ያዞረው?»

«ሰፊው ነው፣ ጌታዬ።»

«የት አለ?»

«ታስሯል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አሥራ አንድ ወር ሆነው።»

«ታዲያ አሥራ አንድ ወር ሙሉ አዙሮ የያዘው ማነው? መሪውን አታዙሩ ብሎ የፈረመውስ ማነው?»

ሊቀመንበሩ የራሱን ፊርማ አየ፤ ማኅተሙንም አየ። «እናጣራለን» አለ።

ከታዛቢዎቹ አንዱ ካሜራውን አነሣ። ተፈጥሯዊ ይህን ሲያይ ቀለሙ ጠፋ፤ ሱቁን እንግዳ ፊት ያስከፈተው እሱ ራሱ ነው። ያኔ ሰፊዋ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«ለጽዳት ነው የዞረው፣ ጌታዬ። ባለቤቴ ጀርባውን ሊወለውል አዞረውና ሥራውን ሳይጨርስ ሄደ። ከሱ በቀር ማንም እንዳይነካው ሊቀመንበሩ አደራ ጠብቀው ያዙት።»

ሁለቱ ሹሞች እርስ በርስ ተያዩ። ወንዝ ሲወስደው ሣር እንደሚጨብጥ ሰው ነገሩን በአንድ ጊዜ ጨበጡት።

«ለጽዳት ነው!» አለ ተፈጥሯዊ።

«ለጽዳት!» አለ ሊቀመንበሩ።

አስተርጓሚው ተረጎመ። ሴትዮዋ አሰበችና ጠየቀች። «ታዲያ ሰውየው የት ሄደ? መጥቶ አይጨርሰውም?»

የቀረውን የተናገሩት ጋሼ ሬዲዮ ናቸው። መጋረጃውን ለቀው ወጡና ባዶውን የኮት ትከሻ ወደ ላይ ያዙት። «እኔስ? ሁለተኛውን እጅጌ ማን ሊገጥምልኝ ነው?» ብለው ጮኹ። ሰዉ በእጁ የያዘውን ያየው ያኔ ነው። አንድ እግር ሱሪ፣ ገበሩ ያልተዘጋ ካፖርት። ልብሳችን ይሰጠን ብለው ነበር፤ ተሰጣቸው፤ የሚለበስ ግን አልነበረም።

«ሰፊው ይምጣ!» አለች አትክልት ሻጯ።

«ሰፊው ይምጣ!» አለ ሁሉም። ይህ አልተጠናም፤ ማንም በመጨረሻው ላይ አላጨበጨበም።

ተፈጥሯዊ ሰዓቱን አየ፣ ካሜራውን አየ፣ የፎቶውን ጀርባ አየ። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

ሰፊው በመኪና ሲመጣ ፀሐይ መሃል ሰማይ ላይ ነበረች። ለእንግዶቹ ጉብኝት እስረኞች እንዲለብሱት ከተገዛው አዲስ ሸሚዝ አንዱን ለብሷል፤ ከሳጥን ሲወጣ የነበረው እጥፋት አልለቀቀውም። ከአንገትጌው ያልወጣች እስፒል ነበረች፤ እንደወረደ ነቅሎ ከልማዱ ደረቱ ላይ ሰካት። በግራ እጁ የሱሪውን ወገብ ጨብጧል። ሚስቱን አየ፤ አየችው።

«ጽዳቱን ጨርስ» አለው ተፈጥሯዊ በለሆሳስ።

«የምን ጽዳት?»

«ጨርሰው በቃ፣ የኔ ጌታ» አለችው ሚስቱ ጨርቅ እየሰጠችው።

በቀኝ እጁ ወረቀቱን ላጠው፣ የፎቶውን ጀርባ ወለወለ፣ ከዚያም አዞረው። የመሪው ፊት ሲገለጥ ፖሊሱም ነዋሪውም ሹሙም በአንድነት አጨበጨቡ፤ እንግዶቹም ነገሩ ባህል መስሏቸው አጨበጨቡ። ያላጨበጨበ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ግራ እጁ ሱሪውን ስለያዘ።

እንግዶቹ ከምሳ በኋላ አዲስ የተቀባውን እስር ቤት ጎበኙ። በመግለጫቸው የቀለሙን ብሩህነት ጠቅሰው፣ የዜጎች ቅሬታ በዚያው ዕለት እንደሚፈታ በዓይናቸው ማየታቸውን ገለጹ። ጋሼ ሬዲዮ ይህን ቃል በቃል ደገሙት። ሊቀመንበሩ ከሥራ ታገደ፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ እየተጣራ ነው ተባለ። የሱቁ ፎቶም በአራት ብሎን ግድግዳው ላይ ታሰረ፤ ሴቶች አሁን የሚለኩት ጎረቤት ቤት ነው።

በሚቀጥለው ሰኞ ሰፊዋ እንደ ወትሮው እስር ቤቱ በር ላይ ደረሰች። የአናጢው እህት አይታት ደነገጠች።

«አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ? ያንቺው ወጥቶልሽ የለ እንዴ?»

«ወጥቷል።»

«የኔ ወንድም የማንንም ኮት ሳይጨርስ አልገባም» አለች የአናጢው እህት። «የሠራት ወንበር ያችው ናት፤ እሷም ተሰብራለች። ማን አናጢው ይምጣ ብሎ ይጮህለታል?»

ሰፊዋ የአናጢውን ፎቶ አንዱን ጠርዝ ያዘች። «ልምድ አለሽ ተብያለሁ» አለች።

ሰፊው የሰፈሩን ልብስ ሁሉ እንዲጨርስ ትእዛዝ ነበረበትና ጨረሰ። የጋሼ ሬዲዮ ኮት ሁለተኛ እጅጌ ገባለት፤ ግራጫው ሙሉ ልብስ ግን ባለቤቱ ሊወስደው አልመጣም። ግድግዳው ሲራቆት ሰፊው ከመኪናው ተነሣ። አሁንም በግራ እጁ ሱሪውን ይዟል።

«አሁን የኔን ለኪ» አላት።

«የድሮውን ልክህን በቃሌ አውቀዋለሁ እኮ።»

«እሱን ተዪው። ለኪ።»

ሜትሩን በወገቡ ዙሪያ አሳልፋ ከፊት አገናኘችውና ቁጥሩን አነበበች። ያልተስተካከለ መስሏት ፈታ እንደገና ለካችው። ጠመኔውን አንሥታ ጠረጴዛው ላይ ጻፈችው፦ ስልሳ አራት ሴንቲ ሜትር። ሲታሰር ሰማንያ ሁለት ነበር።